ሃርድ ዲስክ ላይ የቀረች ጉርሻ

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴን ያበላት የነበረው ቤታችን ያለው ኮምፒውተር ነው። ስቃችሁ እንዳታልፉኝ። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ስቄ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ።

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። በዚያ ሰሞን ግን "አስጎብኚ ነበርኩ" ብል ይሻል ነበር። እንግዳ ከመጥፋቱ የተነሣ ጠዋት ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እወጣለሁ፣ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መንገድ መንገድ ሳይ እውላለሁ፣ ከዚያ ባጄን ኪሴ ከትቼ እመለሳለሁ። ኮምፒውተሩን የገዛሁት ደኅና በነበርንበት ዘመን ነው። ሰፊ ስክሪን ያለው ዴስክቶፕ ነው፤ ሳሎናችን ጥግ ላይ ጠረጴዛውን ሞልቶ ተቀምጧል። ባለቤቴ ብርቄ "ይህ ነገር ቤቱን ወረሰብን" እያለች ስታማርር ከርማ፣ በኋላ ራሷ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ሰው ሆነ።

እናቴ ጥሩወርቅ የፍላቂት ሰው ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ከአባቴ ከደስታው ጋር ገብስ ስታርምና ስታጭድ የኖረች፣ ሰው ከደጇ ሳይበላ ሲያልፍ የሚከፋት ሴት ነበረች። አባቴ ሲያርፍ ብቻዋን አንተዋትም ብለን መሬቱን ለዘመድ ሰጥተን እኛ ዘንድ አመጣናት። ብዙም ሳይቆይ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ የጎረቤት ስም ጠፋባት፣ ቀጥሎ ብርቄ ጠፋችባት፣ በመጨረሻ እኔ ራሴ ጠፋሁባት። ውኃ ሳቀብላት "እግዜር ይስጥልኝ ጌታው" ትለኝ ጀመር። ልጅ ሆኖ ከገዛ እናት አፍ "ጌታው" መባልን ላልደረሰበት ሰው ማስረዳት ያስቸግራል።

እሱንስ ለመድነው። ያልለመድነው ምግብ እምቢ ማለቷን ነው። ተቆጥታ ወይም ጮሃ ቢሆን ደግ ነበር። እሷ ግን በጨዋ ደንብ፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ "አልራበኝም፣ አትቸገሩ፣ አሁን እሄዳለሁ" ነው የምትለው። ሰው ቤት ያለች ይመስላታል። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፣ ጉሮሮዋም ሆዷም ደኅና ነው አሉን። ጸበልም አስጠመቅናት። እሷ ግን ልብሷ እስኪሰፋት ድረስ ከሳች።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ላይ የድሮ ፎቶ ስፈልግ አንድ ቪዲዮ ተከፈተ። ፍላቂት፣ እቤታችን፣ አባቴ በሕይወት እያለ የቀረጽኩት ፋሲካ ነው። አባቴ መሶቡ ፊት ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ተቀምጧል፤ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ካሜራው በኩል፣ ማለትም ከጎኔ ወደነበረችው እናቴ ዘርግቶ፣ "እንች ጉረሽ ጥሩዬ! አፍሽን ክፈች እንጅ፣ እጄ ደከመ!" ይላል። ቪዲዮው ሲከፈት እናቴ እዚሁ ሳሎን፣ ከኋላዬ ወንበር ላይ ነበረች። ብርቄ የተመለሰ ሳህን ይዛ ወደ ጓዳ እየሄደች ነው። ዞር ስንል እናቴ አፏን ከፍታለች።

ብርቄ ቀልጣፋ ናት። ምን ሆነ ብላ ሳትጠይቅ አንድ ጉርሻ ከሳህኑ አንስታ አጎረሰቻት። እናቴ አላመጠች፤ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ እንደ ሙሽራ አንገቷን ደፋ አድርጋ ፈገግ አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ በደረሰ ቁጥር ሥርዓታችን አንድ ሆነ። የእናቴን ወንበር ስክሪኑ ፊት እናደርጋለን፤ እኔ ማውዙን እይዛለሁ፣ ብርቄ ትንሿን ሳህን ትይዛለች። አባቴ "እንች ጉረሽ" ይላል፣ እናቴ አፏን ትከፍታለች፣ ብርቄ ታጎርሳታለች፣ እኔ ወደኋላ እመልሰዋለሁ፣ አባቴ እንደገና "እንች ጉረሽ" ይላል። እሷ ጠግባ አረፍ ስትል እኔና ብርቄ ጓዳ ገብተን የተረፈንን ቆም ብለን እንበላለን። ሞቶም ሚስቱን የሚቀልብ ባል እያልን እንስቅ ነበር። እናቴም ሰውነቷ መለስ አለ።

ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ኮምፒውተሩ ታመመ። ከውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ቪዲዮውም መሐል ላይ ይነክሳል። አባቴ "እንች ጉ..." ብሎ እጁ አየር ላይ ይቀራል፤ እናቴ ደግሞ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ያንን አፍ ማየት አልችልም ነበር። ወደ ፍላሽ ልገለብጠው ሞከርኩ፣ መንገድ ላይ ይቆማል። ወደ ስልኬም ያው። ሲጨንቀኝ ወደ ሰዓዳ ሄድኩ።

ሰዓዳ የወልድያ ልጅ ናት። ላሊበላ አግብታ መጥታ መናኸሪያው አካባቢ ኮምፒውተርና ስልክ የምትጠግንበት ትንሽ ሱቅ አላት። መጥታ ጆሮዋን ሣጥኑ ላይ ለጥፋ አዳመጠች።

"ሃርድ ዲስኩ ነው" አለችኝ። "ሞልቷልም፣ አርጅቷልም። ከሱ የሚበልጥ አዲስ ላስመጣልህ። ከዚያ ያለውን ሁሉ እንዳለ ወደ አዲሱ እንገለብጠዋለን፤ ፋይል በፋይል ሳይሆን ዲስኩን ራሱን።"

"ቪዲዮውስ?"

"ከሌላው ጋር አብሮ ይሄዳል ኢንሻአላህ። እስከዚያ ግን ባትከፍተው ይሻላል፤ በከፈትከው ቁጥር ይብሰዋል።"

"እሱ ካልተከፈተ እናቴ አትበላም።"

ሰዓዳ አየችኝ። ታሪኩን ነገርኳት። "እንግዲያው ቶሎ እናድርገው" አለች።

አዲሱ ዲስክ ከደሴ በመጣ በማግስቱ፣ ማክሰኞ ቀን፣ እናቴ ቁርሷን በአባቴ እጅ ከበላች በኋላ ሰዓዳ መጣች። ወደ ሱቅ እንውሰደው ብላት እምቢ አለች፤ በዚያ ኮረኮንች ባጃጅ ላይ ሲንገጫገጭ መንገድ ላይ ይሞታል አለችኝ። የኮምፒውተሩን ጎን ፈታች። አሮጌውን ዲስክ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ በታጠፈ ጨርቅ ላይ አስተኛችው፣ አዲሱንም ከጎኑ። ገመድ ለገመድ አገናኘች፤ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን መሬት ላይ፣ ጠረጴዛው እግር ሥር አኖረችው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ታየችና ወደፊት መሳብ ጀመረች።

"ይች መስመር ጫፍ ስትደርስ አለቀ" አለች። "ምሳ ሰዓት አለፍ ሲል ይሆናል። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው። እንዳትከፍተው፣ እንዳታጠፋው፣ እንዳታንቀሳቅሰው። ከዚያ ወዲያ አብሽር።"

ወደ ሱቋ ሄደች። እኔ ወንበር ስቤ ያችን መስመር መጠበቅ ጀመርኩ። በሕይወቴ ያን ያህል ተግቼ የጠበቅኩት ነገር የለም። መስመሯ ግማሹን አልፋ ትንሽ እንደተጓዘች ከደጅ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የንስሐ አባታችን ቄስ አድማሱ ናቸው። ከአሸተን ማርያም ግርጌ ነው የሚኖሩት። እናቴ ከታመመች ወዲህ እየወረዱ ጸሎት ያደርሱላታል፣ ቤቱንም ጸበል ይረጫሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸው ግን ገና ነው። በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው ጸበል የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘዋል።

"እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ? ጥሩወርቅስ እንዴት ናት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን አባ፣ ይግቡ" አለች ብርቄ መስቀላቸውን እየተሳለመች።

ቁጭ ይላሉ፣ ትንሽ እንጫወታለን፣ ነገሩን እነግራቸዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። እሳቸው ግን ደጁን እንደረገጡ ጸሎታቸውን ጀመሩ። ቄስ ጸሎት ከጀመረ ደግሞ ያው ታውቁታላችሁ፤ ይቆማል፣ አንገት ይደፋል፣ ዝም ይባላል። አባ ቆይ አይባልም። መጀመሪያ እናቴን ባረኳት፣ ፊቷን በጸበል አበሱላት። ቀጥሎ በሩን ረጩ። ከዚያ መኝታ ቤት ገቡና አልጋውን፣ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን ሳይቀር ረጩ። ድምፃቸው እየቀረበ መጣ። ሳሎኑን ከበሩ በኩል ጀምረው ማእዘን በማእዘን እያዳረሱ ሲመጡ መጨረሻው የት እንደሆነ ገባኝ።

ብርቄን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። አንገታችንን ደፍተን በዓይን ብቻ "በል እንጂ!" "አንቺ በይ!" ተባባልን።

ሄጄ ጠረጴዛውና እሳቸው መሐል ቆምኩ። አንድ ርጭት ፊቴ ላይ አረፈ። ቀጣዩ በትከሻዬ በኩል አልፎ ስክሪኑን ሲነካ ዞር ብዬ በደረቴ ዲስኮቹ ላይ ተደፋሁ። እጄን ዘርግቼ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ጠረጴዛውን አቅፌ።

ቄስ አድማሱ ጸሎታቸውን ለአፍታ ገታ አደረጉ። በረከት ፈልጎ የተደፋ ነው የመሰላቸው። "ተባረክ ልጄ" አሉ ደስ ብሏቸው፤ በጠርሙሱ የቀረውን ጸበል አንድም ሳያስቀሩ ጀርባዬ ላይ አፈሰሱት።

ቅዝቃዜው እስከ አጥንቴ ነው የገባው። ግን አልተንቀሳቀስኩም፤ ከሥሬ ያሉት ዲስኮች ደረቅ ናቸው። እያሸነፍኩ ነው ብዬ ሳስብ ውኃው በክንዴ ላይ ወርዶ፣ በክርኔ በኩል ተንጠባጥቦ፣ መሬት ላይ ያለውን ማከፋፈያ አገኘው።

ጧ! አለ። መብራቱ ጠፋ። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ዙሩን ጨርሶ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ቄስ አድማሱ ጸሎታቸውን አሳርገው "አሜን በሉ" አሉን።

"አሜን" አልን።

"መብራት ሄደ እንዴ?"

"ሄደ አባ።"

"ይመጣል፣ ይመጣል" ብለው ተደላድለው ተቀመጡ።

ማከፋፈያውን ነቅዬ ሌላ አመጣሁ፤ ቆጣሪው ጋ ሄጄ የወረደውን ብሬከር አነሣሁ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። አሮጌው ዲስክ ቀጭ አለ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ጭጭ አለ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ነጫጭ ፊደላት አወጣ። ለሰዓዳ ደወልኩላት። አንድ ሰው ስልኩን ካልጠገንሽልኝ ብሎ ይዟት ነበርና እንደጨረሰች እንደምትመጣ ነገረችኝ።

ምሳ ደረሰ። እናቴ እንደ ልማዷ ተነሥታ ወንበሯ ላይ፣ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀመጠች። ልብሷን አስተካከለች። አባቴ ስክሪኑ ላይ እስኪመጣ ትጠብቃለች ማለት ነው። ብርቄ ትንሿን ሳህን ይዛ ቀረበች።

"እማማ፣ እንኩ ይቅመሱ።"

"አልራበኝም ልጄ። እግዜር ይስጥልኝ፣ አትቸገሪ።"

"ትንሽ ብቻ። በሞቴ።"

"አንች አትሙች። እኔ አሁን እሄዳለሁ።"

ቄስ አድማሱ ይህን ሲያዩ "ምነው እምቢ አለች? ባለፈው ደኅና ትበላለች አላላችሁኝም ነበር?" አሉ። እንግዲህ መደበቅ አልተቻለም። ከፋሲካው ቪዲዮ ጀምሬ እስከ ማከፋፈያው ድረስ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ባዶውን ጠርሙስ አዩት።

"እኔ ነኛ!" አሉ።

"የለም አባ፣ እርስዎ ምን አደረጉ።"

"እኔ ነኝ እንጅ! አንተስ ብትሆን አፍ የለህም? 'አባ፣ ይህን ይተዉት' አትለኝም?"

"ጸሎት ላይ ነበሩ አባ።"

"እግዜር እንደሆነ ቆይቶ ይሰማኝ ነበር!" አሉ በእጃቸው ጉልበታቸውን መትተው። "እሽ፣ እሷ እህል እስክትቀምስ እኔም ከዚህ አልነቃነቅም።"

ተነሥተው ወደ እናቴ ቀረቡ። መስቀሉን አሳለሟት፣ በአክብሮት ሳመችው። "ጥሩወርቅ፣ እኔ አባትሽ አዝሻለሁ፤ ብይ" አሏት። እናቴ ቀና ብላ በቅሬታ አየቻቸው።

"ጾም ነው አባ። እርስዎ ራስዎ አይደሉ ጹሙ ያሉን?"

ቀኑ የጾም ቀን አልነበረም፤ ቄሱ ግን በገዛ ቃላቸው ተያዙ። ተመልሰው ተቀመጡ። ብርቄ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ወደ ጓዳ ገባች። በኋላ ስከተላት ግን እያለቀሰች ነበር።

ሰዓዳ ስትደርስ ጥላው ረዝሟል። "ቢስሚላህ" ብላ ጠረጴዛው ፊት ተንበረከከች። የረጠበውን ማከፋፈያ አንስታ አየችው፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ቄሱን። አሮጌውን ዲስክ ብዙ ጊዜ ሞከረችው። አዲሱን ለብቻው አያይዛ ስትከፍተው የሠርጋችን ፎቶ መጣ፣ የእንግዶቼ ፎቶ መጣ፣ የነአኩቶ ለአብ ዋሻ መጣ። ፋሲካው የለም።

"መስመሯ እሱ ጋ ሳትደርስ ነው የተቋረጠው" አለች። "በስልክ እንኳን ከስክሪኑ ላይ አልቀረጻችሁትም?"

"ማን ያስበዋል" አልኩ።

"ወላሂ እኔም አልነገርኳችሁ።" አሮጌውን ዲስክ በጨርቅ ጠቀለለችው። "ይዤው ልሂድና ይረፍ። ሌላ መሞከሪያ አለ፤ ግን ቀስ ተብሎ፣ በትዕግሥት ነው። ይወጣል ብዬ ቃል አልሰጥህም። ዛሬ ግን አይሆንም።"

ዛሬ አይሆንም። እናቴ ግን ዛሬ ነው የሚርባት። ሰው ሁሉ ድምፄ ከአባቴ ድምፅ አይለይም ይላል፤ ስልክ ሳነሣ ዘመዶች ደንግጠው ያውቃሉ። ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩ። ከብርቄ እጅ ጉርሻውን ተቀበልኩና ከእናቴ ፊት ቆሜ፣ እሱ እንደሚለው አድርጌ፣ "እንች ጉረሽ ጥሩዬ! አፍሽን ክፈች እንጅ" አልኩ።

እናቴ ቀና አለች። ፊቷ አንድ አፍታ በራ፤ ከዚያ ከእግር እስከ ራሴ ስታየኝ ብርሃኑ እንዴት እንደጠፋ አሁንም ድረስ ይታየኛል።

"ማነህ አንተ?" አለችኝ። "ምነው የሰው ባል ታስመስላለህ? ነውር አይደለም?"

ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ከመጣች ጀምሮ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሼ ወደ ግቢ ወጣሁ። አባቴን ስንቀብር እንግዳ ተቀባይ፣ ድንኳን አስተካካይ ሆኜ አላለቀስኩም ነበር፤ ያን ቀን ከግንቡ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። አባቴ ሁለተኛ የሞተብኝ መሰለኝ። ይህኛው ደግሞ እናቴን አስከትሎ ሊሄድ ነው።

ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ልትገባ ስትል ብርቄ በሩ ላይ ቆማ ጠራችኝ።

"ግባ። ሰው ሁሉ ጦሙን ዋለ። ቄሱ አልሄድም ብለዋል፣ ሰዓዳም ጥላን መሄድ ከበዳት። እራት አቅርቤያለሁ።"

እኔና ብርቄ እንግዳ ከሌለ ጓዳ ነው የምንበላው ብያችኋለሁ። ቄስ ግን ጓዳ አይበላም። ስለዚህ ብርቄ ትልቁን ትሪ አውጥታ ሳሎን መሐል፣ ከእናቴ ወንበር አጠገብ አኑራዋለች። ሽሮ ነው፤ ለሁላችንም የሚሆን። ሰዓዳ እጇን ታጠበች፣ ቄስ አድማሱ ባርከው ቆረሱ። እኔ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

"ቅረብ እንጂ" አለች ብርቄ።

"አልበላም።"

"በሞቴ! ከጠዋት ጀምሮ አልቀመስክም።"

"አልራበኝም፣ ተይኝ።"

"ብላ ልጄ" አሉ ቄሱ። "አንተ ብትራብ ለእሷ ምን ይጠቅማታል?"

"አልችልም አባ።"

ወንበሩ ሲንሿጠጥ ሰማሁ። እናቴ ከጥቁሩ ስክሪን ፊቷን መልሳ ወደ እኛ ዞራለች። ነጠላዋን ከፊቷ አውርዳለች። ትሪውን አየች፣ ዙሪያውን የተቀመጠውን ሰው አየች፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ።

"ምነው ይህ ልጅ አይበላም?" አለች።

ብርቄ የያዘችውን ቁራሽ ትሪው ላይ መለሰች።

"ምን ሆኗል? ከስቷል እኮ። ሰው እንዴት ከቤቴ ሳይበላ ይሄዳል?" ብርቄን ቆጣ ብላ "ትሪውን አስጠጊው እንጅ!" አለቻት።

ብርቄ አስጠጋችው። እናቴ እጅጌዋን ሰበሰበች። እንጀራውን ቆረሰች፣ ሽሮውን ዛቅ አድርጋ አዞረችው፣ ጠቀለለችው፤ ጣቶቿ ምንም አልረሱም። ከወንበሯ ወደፊት አጎንብሳ እጇን ዘረጋችልኝ።

"እንካ ጉረስ። አፍህን ክፈት እንጅ፣ እጄ ደከመ!"

በጉልበቴ ተንፏቅቄ ቀርቤ አፌን ከፈትኩ። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ እንባዬም አብሮ ነው የወረደው። እሷ ማላመጤን እስክታረጋግጥ ዓይኗን አልነቀለችም። ከዚያ ለቄሱ ጠቀለለች። "ይጉረሱ አባ፣ ዳገት ይዘው ነው የሚሄዱ።" ለሰዓዳ ጠቀለለች። "አንችስ የማን ልጅ ነሽ? ብይ፣ ሰውነት የለሽም።" ሰዓዳ አፏ ሞልቶ "አላህ ይስጥልኝ እናቴ" ለማለት ስትሞክር ሁላችንም ልንስቅ ደረስን። ግን ፈራን፣ መተንፈስም ፈራን።

እናቴ አጉርሳ ስትጨርስ እጇ ላይ የቀረውን ቁራሽ አየችው። ወጥ አስነካችው፤ ራሷ ጎረሰችው። ከዚያ ሌላ ቆረሰች። አንዱን ለእኛ፣ አንዱን ለራሷ፣ "ብሉ፣ ብሉ እንጅ፣ እኔ ብቻዬን ልበላ ነው?" እያለች የትሪው መሐል እስኪታይ ድረስ በላች።

ቄስ አድማሱ ከዚያ በኋላ ነው ተነሥተው ወደ ቤታቸው የሄዱት።

አንባቢዎቼ፣ ያን ማታ ያየሁት ነገር ኑሯችንን ለውጦታል። ለወራት እናቴን በእንግዳ ወግ ነበር የያዝናት። ለብቻዋ ወንበር፣ ለብቻዋ ሳህን፣ ለብቻዋ ሰዓት ሰጠናት፤ እሷም እንግዳ እንደሚያደርገው በጨዋ ደንብ "አልራበኝም" አለችን። እኛ አገር ባለቤት ካልበላ እንግዳ ያፍራል፤ እናቴ ይህን አልረሳችም። ባለቤት ስትሆን ትበላለች፣ መብላት አለባትና። ስሜን ብትረሳም ሰው ማብላት አልተረሳትም። አባቴ ከስክሪኑ ሆኖ እሷን ይዞልን የቆየው እኛ ይህን እስክናይ ድረስ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወንበሯ ከኮምፒውተሩ ፊት ተነሥቷል። ትሪው ሳሎን ይቀርባል፣ ሁላችንም እንከበዋለን። አንድ ሰው ግን የግድ "አልበላም" ማለት አለበት፤ ይህ በየምሳው የእኔ ሥራ ነው። እምቢታዬን አሳምሬዋለሁ፤ እንደ ጥንቱ እንግዳ በብዛት ቢመጣ እንኳ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው አልሰጥም። ተወፍሬያለሁ። እናቴ አልዳነችም፣ እንዳትሳሳቱ፤ ዛሬም የማን ልጅ እንደሆንኩ አታውቅም፤ ለጎረቤት ስታወራ "ያ አይበላም የሚሉት ልጅ" ትለኛለች። "ጌታው" ከመባል ግን ይሻላል።

እናንተም ቤታችሁ የሚረሳ ሰው ካለ፣ ዝም ብሎ ተቀባይ አታድርጉት። የሚሰጠው ነገር ፈልጉለት፤ ጉርሻም ይሁን፣ ምርቃትም ይሁን፣ ቁጣም ይሁን። የምትወዱት ሰው ድምፅ ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ ደግሞ፣ ይህን ጽሑፍ ሳትጨርሱ ተነሥታችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡት። ቄስ የሚመጣበት ቀን አይታወቅም።

ሰዓዳ አሮጌውን ዲስክ ይዛው ብዙ ሳምንታት ቆየች። ጠዋት ጥቂት ትሞክረዋለች፣ ሲደክም ታሳርፈዋለች፤ እንዲያ እያለች ያለውን ሁሉ አወጣችው። ፋሲካው ሙሉውን አዲሱ ዲስክ ላይ አለ፤ ቀጭም አይል፣ አይነክስም። ለመክፈት ግን ፈራሁ። እናቴ ወደ ወንበሯ እንዳትመለስብኝ ብዬ።

ባለፈው እሑድ ምሳ ቀርቦ፣ ሁላችንም ትሪውን ከብበን ሳለ ድፍረት መጣብኝና ከፈትኩት። አባቴ ጋቢውን ጥሎ ብቅ አለ። "እንች ጉረሽ ጥሩዬ!" አለ ጥርት ባለ ድምፅ። እናቴ አፏን አልከፈተችም። ጉርሻዋን አላምጣ እስክትውጥ ረጋ ብላ አየችው።

"ማነው እሱ?"

"ደስታው ነው እማዬ። አባዬ ነው።"

"ታዲያ ምነው ከዚያ ተቀመጠ?" አለችኝ። "ና ብላ በለው እንጅ።"

ብርቄ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣ ከእናቴ ጎን ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀች።